የተዋበች ጓሮ እንግዳ

ከዐረብ አገር የሚመለስ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የሰቆጣ ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። ነብር የተሣለበት ብርድ ልብስ ይመጣል፤ ሽቶ ይመጣል፤ ዕድል የቀናው ደግሞ ቴሌቪዥን አሸክሞ ይወርዳል። የተዋበች ልጅ ምስራቅ ግን በ1997 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ በኮረም በኩል ከመጣው አውቶቡስ ስትወርድ፣ በአንድ እጇ ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥላ፣ በሌላው የወተት ዱቄት ጣሳ ታቅፋ ነበር። ጣሳውን አፈር ሞልቶታል፤ አፈሩ ላይ ከስንዝር የማታልፍ ቅርንጫፍ ቆማለች። ቅጠሏ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ሊቀበል የወጣው ጎረቤት ሁሉ ዓይኑ ከሻንጣው ወደ ጣሳው፣ ከጣሳው ወደ ሻንጣው ተመላለሰ።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ? መድኃኒት ነው?» አለቻት አመተ ማርያም። አጥር ለአጥር የሚጎራበቱ ናቸው፤ ሴትዮዋ ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር የለም።

«አበባ ነው። ጋርዴኒያ ይሉታል።»

«አበባው ታዲያ የታለ?»

«ሲያድግ ያብባል።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» አለች አመተ ማርያም፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ምስራቅም ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ይህን ልብ ያለችው እናቷ ብቻ ናት።

ተዋበች ስለ ተክል ሰው የሚመክራት ሴት አይደለችም። ባሏ ብዙነህ ንብ አናቢ ነበር፤ ነጭ ማሩ ኮረም ገበያ ድረስ ስሙ የተጠራ። እሱ ካረፈ ወዲህ ንቦቹ ቢበተኑም ጓሮው አልተበተነም። ከከተማው ዳር፣ በዚያ ድንጋያም ቁልቁለት ላይ፣ ጌሾዋ ጥላ ይጥላል፤ ጎመኗ በበጋም አይጠወልግም፤ ጤና አዳሟን የሠፈሩ ሰው እየመጣ ይቀነጥባል። «ተዋበች የመጥረጊያ እጀታ ብትተክል ይጸድቅላታል» ይሏታል። እሷም «ኧረ ተዉ!» ትላለች እንጂ ውሸት ነው ብላ አታውቅም።

የልጇ ነገር ግን አልጸድቅ አላት። ምስራቅ ስትሄድ ለግላጋ ኮረዳ ነበረች፤ ስትስቅ ጎረቤት የሚሰማት፣ ሥራ ሲያዟት የምታኮርፍ። የተመለሰችው ሌላ ናት። ዶሮ ሳይጮህ ትነሣለች። ደጅ ትጠርጋለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ «ተቀመጪ» ካልተባለች አትቀመጥም፣ እናቷ በልታ እጇን ካልታጠበች እህል አትነካም። «እሺ እማ»፤ «የለም እማ»፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣትም። ተዋበች ልጇ በሰላም ስለተመለሰችላት በስለቷ መሠረት ለማርያም ዣንጥላ አግብታለች፤ በልቧ ግን «ልጄን መልሽልኝ ብዬሽ ነበር፤ አንቺ እንግዳ ሰደድሽልኝ» እያለች እመቤታችንን ትወቅሳለች።

ቅርንጫፏን በማግስቱ ተከሏት። ተዋበች የማለዳ ፀሐይ የሚያገኘውን፣ የከሰዓቱ የማይጠብሰውን ቦታ መርጣ በዶማ ስትቆፍር ምስራቅ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ አጠገቧ ቆመች።

«ማን ሰጠሽ?» አለች እናት።

«ቴታ። የምጠብቃት አሮጊት። ቴታ በነሱ አያት ማለት ነው።»

«ደኅና ናቸው?»

«ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር» አለች ተዋበች፤ ዶማዋንም መልሳ አነሣች።

እሷን የቆረቆራት ሌላ ነገር ነበር። ሰው ባዕዱን አንቱ ይላል፤ አንቺ የሚለው እናቱን ነው። «የምጠብቃት አሮጊት» ስትል የልጅቱ ድምፅ ለስለስ ማለቱን ሰምታለች። ተዋበች በተስቦ ወድቃ ክረምቱን ሙሉ ስትማቅቅ ውሃ ያቀመሷት ጎረቤቶቿ ነበሩ፤ የገዛ ልጇ ያን ጊዜ ቤይሩት ላይ የሌላ ሴት ጸጉር ታበጥር ነበር። ልጅቱ ለእንጀራ ብላ እንጂ ወድዳ እንዳልሄደች፣ የቤታቸው ጣራ ቆርቆሮ የለበሰውም በዚያው ልፋት እንደሆነ ታውቃለች። ማወቋ ግን ምን ይረባል? ቅናት ሽማግሌ አይሰማም።

«ቴታ ሥሯ የቡና አተላ ነበር የምታደርግላት» አለች ምስራቅ፣ አፈሩ ተመልሶ ሲደለደል።

«የዚያ አገር ሌላ፣ የዚህ አገር ሌላ» አለች ተዋበች ቆጣ ብላ። «ይሄ የኔ ጓሮ ነው።»

«እሺ እማ።»

በዋግ ምድር አመድ የማይቀምስ ጓሮ የለም። ጠዋት ምድጃው ይጠረግና አመዱ ለጌሾው፣ ለጎመኑ፣ ለሽንኩርቱ ይታደላል። ትል ያባርራል፣ መሬት ያሞቃል፤ እናት ለልጇ ያወረሰችው ነገር ነውና ማንም ተከራክሮበት አያውቅም። ተዋበችም ለቅርንጫፏ፣ «እንግዳዋ» ብላ ስም አውጥታላት ነበርና፣ ለእንግዳዋ ከሁሉም አብልጣ ሰጠቻት። ኅዳር ሲያልቅ የቅጠሏ ወዝ ደበዘዘ። በታኅሣሥ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀርቶ ሌላው ቢጫ ሆነ። «አንሷት ነው» ብላ ጨመረችላት። በጥር ቅጠል ማራገፍ ጀመረች። አሁንም ጨመረችላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተዋበች ከገበያ ስትመለስ ምስራቅን ጓሮ ቁጢጥ ብላ አገኘቻት። የተክሏን ሥር በጣቷ እየጫረች አመዱን በእፍኟ ታፍሳለች።

«እማ፣ ሆን ብለሽ ነው?»

«ምኑን?»

«አትወጃትም። ከመጣች ጀምሮ አልወደድሻትም።»

ተዋበች የተሸከመችውን እንኳ ሳታወርድ ነደደች። «ለጌሾዬ የማደርገውን ነው ያደረግሁላት! ለራሴ ጎመን ነፍጌ ለሷ ነው የሰጠሁት! እንዲያው የኔ እጅ አመድ አፋሽ ሆኖ ነው እንጂ...» ብላ ጀምራ አመዱ እዚያው ልጇ እፍኝ ውስጥ መሆኑን ስታይ ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቁ።

ምስራቅ እጇን አራገፈች። «ተይው እማ። ትሙት። የማይሞት የለ» አለችና ገባች። በሳምንቱ ፓስፖርቷን ከሻንጣዋ አውጥታ ትራሷ ሥር አደረገችው። «ክረምቱ ሲወጣ ልመለስ ነው። ጓደኞቼ ሥራ አለ ብለውኛል» አለች፤ ስለ ጨው ማለቅ የምታወራ ያህል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዋበችን አንድ ሐሳብ ይዟት ይነሣ፣ ይዟት ይተኛ ጀመር፦ ይህች ቅጠል ከሞተች ልጄ ትሄዳለች፤ አሁን ከሄደች ደግሞ አትመለስም። ከዚህ የከፋው፣ ልጇ የጠየቀቻትን ራሷን መጠየቅ መጀመሯ ነው። ሆን ብዬ ነው? ሆን ብላ አይደለም፤ ማርያምን! ግን ቅጠሉ ሲገረጣ እያየች ለምን አላቆመችም? የዚያች የባዕድ ሴት ምክር ጆሮዋ ውስጥ እያለ ለምን አንድ ጊዜ እንኳ አልሞከረችውም? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኼ ነው።

መድኃኒቱ የመጣው ማንም ካልጠበቀው በኩል ነው። በየካቲት የማርያም ማኅበር ተራው የተዋበች ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው መዞር ሲጀምር ከማኅበርተኞቹ አንዱ አያ የሻምበል ሽክናቸውን ይዘው ፀሐይ ሊሞቁ ወደ ጓሮ ወጡ። አያ የሻምበል ቀልድ ካልጣሉበት ጠላ የማይወርድላቸው ሽማግሌ ናቸው። እንግዳዋን አዩዋት።

«አንቺ ተዋበች!» አሉ ጮኽ ብለው። «ይህችን ማን ገረፋት? ቢጫ ሆና የለም እንዴ! ከአበርገሌ ቆላ ወባ ይዛ መጣች?»

«ይተዉአት እርስዎ ደግሞ!» አለች ተዋበች ከውስጥ፤ ሳቅ ለማስመሰል ብትሞክርም አልሆነላትም።

«የለም፣ የለም። ከማርያም ቤት ጥሙን ሳይቆርጥ የሚወጣ ማኅበርተኛ የለም» አሉና ከጋኑ ሥር የተቀዳውን፣ አተላው የበዛውን ጠላ ሥሯ ላይ ደፉት። «ጠጪ ልጄ፤ እግዜር ይማርሽ።» ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ሽማግሌው ቀልዳቸው ስለሠመረላቸው ሌላ አስቀዱና እሱንም ደገሟት። ማኅበር ባይሆን ኖሮ ተዋበች በመጥረጊያ ታባርራቸው ነበር።

በመጋቢት አጋማሽ ጠላው በፈሰሰበት በኩል አንዲት ቡቃያ ብቅ አለች። የዳማ ከሴ ቅጠል እንኳ እንዲህ አይለመልም። ተዋበች ጎንበስ ብላ አየቻት፤ ቀና አለች፤ እንደገና ጎንበስ አለች። አተላ። ሴትዮዋ «አተላ» ነበር ያለችው። የቡናም ይሁን የጠላ፣ ይህች ተክል ኮምጠጥ ያለ ነገር ነው የምትወድ፤ አመድ ደግሞ የኮመጠጠውን ሁሉ የሚገድል መሆኑን ቃር ሲያቃጥላት አመድ በጥብጣ የጠጣች የሰቆጣ ሴት ሁሉ ታውቃለች። ጓሮ ላይ ሲሆን ግን ማን አስቦት!

ያን ዕለት በሥሯ ዙሪያ ያለውን አፈር በእጇ ዝቃ አወጣችው፤ ከጅረት ዳር ጥቁር አፈር በቁና ተሸክማ አመጣች። ላሚቷ ከምትጠጣው የጠላ አተላ ከፍላ፣ በውሃ አቅጥና ታጠጣት ጀመር። ላሚቷ ድርሻዋ ሲጎድል አጥሩ ላይ ቆማ ትጮኻለች። አመተ ማርያምም «በሰቆጣ ሰካራም አንሶ ነው አሁን ደግሞ ዛፍ የምታሰክሪው?» እያለች በአጥር በኩል ታሾፋለች።

ተዋበች ግን አንድ የቀራት ነገር ነበር፤ እሱ አፈር ከመሸከም ይከብዳል። ምስራቅ ልብስ ስታሰጣ ከኋላዋ ሄዳ ቆመች።

«ቴታሽ እውነቷን ነው» አለች። «አተላ ነው የምትወደው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የአሮጊቷን ስም ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። ምስራቅ የያዘችው እርጥብ ልብስ እግሯ ላይ ይንጠባጠባል። ቀስ ብላ ዞረች።

«ጓሮ እኮ አልነበራትም» አለች። «አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት በረንዳ ብቻ። ሁሉን በጣሳ ነበር የምትተክለው።»

«በጣሳ?»

«በጣሳ፣ በድስት፣ ባሮጌ ባልዲ። አንድ ጊዜማ በጫማ።»

ተዋበች ሳቀች። ልጇ ስለዚያ ቤት ይህን ያህል አውርታ አታውቅም። ሌላ አልጨመረችም፤ እናትም አልጎተጎተቻትም። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል፤ አሁን መያዣው ገብቷታል።

ክረምቱ ወጣ። ምስራቅ ስለ መሄድ አላነሣችም፤ ፓስፖርቱም ከትራሷ ሥር አልተነሣም። እንግዳዋ በዝናቡ ጉልበት አግኝታ ጉልበት ድረስ አደገች። በታኅሣሥ ግን ሌላ ፈተና መጣ። ያለፈው ዓመት ብርድ ለዘብ ብሎ ነበር፤ የዘንድሮው ውርጭ ከደሃና ተራሮች ወርዶ የአመተ ማርያምን ጎመን የተቀቀለ አስመሰለው። «ይህች ለስላሳ ናት፤ ባንድ ውርጭ ትሄዳለች» አለች ምስራቅ ተጨንቃ። ተዋበች ጥቂት አሰበችና ከቤቱ ኋላ ከተከመሩት የብዙነህ ባዶ ቀፎዎች አንዱን አንከባልላ አመጣች። የሁለቱን ጫፍ ክዳን አውልቃ አቁማ አጠለቀችላት፤ ከላይ በአሮጌ ጋቢ ሸፈነችው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ያለብሷታል፤ ማለዳ ያወልቁላታል።

«አባባ ቢያይሽ ምን ይልሽ ነበር?» አለች ምስራቅ።

«ንብ ብታገቢበት ይሻልሽ ነበር ይለኛላ።»

ያን ጊዜ ምስራቅ ሳቀች፤ ያን የጥንቱን፣ አጥር የሚሻገረውን ሳቅ። ተዋበች የደስታዋን እንዳታስታውቅ ፊቷን አዙራ የተስተካከለውን ጋቢ እንደገና ታስተካክል ጀመር።

በሚያዝያ እንቡጥ ቋጠረች። ገሚሱ ሳይፈታ ረገፈ፤ እናትና ልጅ የረገፈውን አንሥተው እያገላበጡ አዝነው ሰነበቱ። በግንቦት አንድ ማለዳ ግን ተዋበች በሯን ስትከፍት ሌላ አየር ገባ። ጽጌረዳ አይደለም፣ አሪቲ አይደለም፣ ማርም አይደለም፤ ብቻ ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ ሰውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም መዓዛ። ጓሮ ስትደርስ በዚያ በጥቁር አረንጓዴ ቅጠል መሐል አንዲት ነጭ አበባ ተፈትታለች። ንጣቷ ታጥቦ የተሰጣ አዲስ ነጠላ ነው።

«ምንድን ነው ይህ ሽቶ? ሙሽራ አለ እንዴ?» አለች አመተ ማርያም ከአጥሩ ማዶ።

ደስታ ሰው ያስቸኩላል። ዛሬ ልጇ እንዳጋጣሚ አርፍዳ ተኝታለች። ተዋበች አበባዋን ቀንጥባ በስኒ ማስቀመጫ ላይ አደረገቻት፤ ውሃ ጠብ አደረገችበት፤ በእግሯ ጣት ረግጣ ገባችና የልጇ ራስጌ ቁጭ ብላ «ምስራቅ፣ ምስራቅዬ» አለች።

ምስራቅ ዓይኗን ገለጠች። አበባውን አየች። ማስቀመጫውን አየች። ደሟ ከፊቷ ላይ ሲሸሽ እናቷ በዓይኗ አየችው።

«ምነው? ምን ሆንሽ ልጄ?»

«እንዲህ ነበር የማመጣላት» አለች ምስራቅ፤ ድምፅዋ ዝግ ብሎ። «ባበበ ቁጥር ማለዳ አንድ ቀንጥቤ በስኒ ማስቀመጫ አድርጌ አመጣላት ነበር። ዓይኗ ደክሟል፤ አታይም። በመዓዛው ነበር የምትነቃው። ያን ቀንም ይዤላት ገባሁ። አፍንጫዋ ሥር አደረግሁላት። አልነቃችም። እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል።»

«ከዚያስ?»

«ልጆቿን ጠራሁ። መጡ። ለቀስተኛ መጣ። ቡና ሳቀርብ፣ ስኒ ሳጥብ፣ ቡና ሳቀርብ...። ቀብር ሲሄዱ ቤት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ቀረሁ። ኋላ ቤቱን ሸጡት። ከበረንዳው ላይ ይህችን ሰብሬ መጣሁ።»

«አንቺንስ? አንቺን ማን አጽናናሽ?»

ምስራቅ ጥያቄው ያልገባት መሰለች። «እኔን?» አለች። «እኔ እኮ ሠራተኛ ነኝ፣ እማ።»

ተነሣች። ብርድ ልብሷን አጥፋ አስቀመጠች፤ መጥረጊያ አነሣችና ደጁን ልትጠርግ ወጣች። አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም።

ተዋበች ማስቀመጫውን ታቅፋ እዚያው ተቀምጣ ቀረች። በዋግ ሞት እንዲህ አይነገርም። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ወሬው ለቤተሰቡ ዝም ብሎ አይወረወርም፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ፀሐይ ሳትወጣ፣ እህል አፍ ሳይገባ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በር ይመታል። የሚናገረው ይናገራል፤ የሚይዘው ይይዛል። መርዶ ማለት ይኼ ነው፤ ሰው ሐዘኑን የሚቀበለው በብዙ እጅ ተደግፎ ነው። የሷ ልጅ ግን ሞትን ብቻዋን አገኘችው፤ ማስቀመጫ በእጇ ይዛ። እሷ እናቷስ? «ሞታለች» ብትላት «ነፍስ ይማር» ብላ ዶማዋን አነሣች። በዚያች ሴት ስትቀና ኖራለች፤ ያቺ ሴት ግን በዚያ ሁሉ ባዕድ አገር ልጇን «ቴታ» ብላ የምትጠራው ሰው እንዳታጣ ያደረገች ናት። ለዚህ ምስጋና እንጂ ቅናት ይከፈላል?

ማስቀመጫውን መስኮቱ ላይ አኑራ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። በቀጥታ አያ የሻምበል ቤት ሄደች። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ይጠርባሉ።

«አያ የሻምበል፣ መርዶ አለብኝ። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ነጠላዋን ሲያዩ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ማን ሞተ?»

«የልጄ እናት።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። ሌላ ቀን ቢሆን የሚቀልዱበት ነገር ነበር። «አንቺ ቆመሽ የለም ወይ?»

«እኔ የወለድኳት ነኝ። የሞተችው ሌላዋ ናት፤ ቤይሩት ያለችው።»

«መቼ ነው የሞተች?»

«ካቻምና።»

«ታዲያ ልጅቱ አታውቅም?»

«ታውቃለች» አለች ተዋበች፤ እንባዋ ቀደማት። «ታውቃለች፣ አያ የሻምበል። የነገራት ሰው የለም እንጂ።»

አያ የሻምበል ዘመድ ላልሆነች፣ አገሯ እንኳ ለማይታወቅ ሴት መርዶ ሲረዳ አይተው አያውቁም። ለዋዛ ሰፊ የሆኑት ሰው ግን ለሐዘን አልጠበቡም። «ስሟ ማን ነው?» አሉ።

«ቴታ።»

«የክርስትና ስሟስ?»

«እኔ እንጃ።»

«ግድ የለም። እሱ ያውቃታል። ነገ ማለዳ እንመጣለን።»

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተመታ። ምስራቅ እንደ ልማዷ ነቅታ ነበርና እሷ ከፈተች። ደጁ ላይ አያ የሻምበል መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከኋላቸው አመተ ማርያም፣ ከሷ ኋላ የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ይህን አለባበስ የማያውቅ የዚያ አገር ልጅ የለም። ምስራቅ በድንጋጤ ዞራ እናቷን ፈለገች፤ እናቷ ከኋላዋ ቆማለች፤ በሕይወት አለች።

«ማን ነው?» አለች። «ማን ሞቶ ነው?»

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ተቀመጠች። ሴቶቹ ገብተው በግራ በቀኝ ከበቧት። አመተ ማርያም፣ ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት፣ ቃል ሳትተነፍስ እጇን ያዘቻት።

«ልጄ ምስራቅ» አሉ አያ የሻምበል ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል በቦታው እያስቀመጡ፣ «እናትሽ ቴታ አርፋለች። አንቺ አጥበሻት፣ አንቺ አጉርሰሻት፣ አንቺው ዓይን ሆነሽላት፣ በተኛችበት በሰላም አርፋለች። ልጅ ለእናቱ የሚያደርገውን ሁሉ አድርገሻል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«አውቃለ...» አለች ምስራቅ። ቃሉን አልጨረሰችውም። የሴቶቹን ፊት በየተራ አየች፤ ሁሉም የሚያዩት እሷን ነው፤ ለሷ ነው የመጡት። ከዚያ ከሆዷ ሥር አንድ ድምፅ ተነሣ፤ ሲወጣ ቤቱን ሞላው። ደረቷን ልትመታ ስትል እጇን ያዙት። ልትወድቅ ስትል ደገፏት። ሴቶቹ አብረዋት ጮኹ፤ አይተዋት ለማያውቋት ሴት፣ የራሳቸውን ሙታን ሁሉ እየጨመሩ አለቀሱላት።

«ወይኔ እናቴ!» አለች ምስራቅ። «ወይኔ እናቴ! ወይኔ እናቴ!»

ተዋበች በሴቶቹ መሐል አልፋ ከልጇ ፊት ተንበረከከች፤ ራሷንም ሳብ አድርጋ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። የምትጠራው የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«አቤት ልጄ» አለቻት። «አቤት።»